ውሃ የምትጠጣው ፒክአፕ



የዛሬው ጨዋታችን ስለ አንዲት አሮጌ ፒክአፕ መኪና ነው። መኪናዋ የአጎቴ ናት። አጎቴን የምጠራቸው ጋሼ እያልኩ ነው። ጋሼ የሚኖሩት በአሜሪካ፣ በኮሎራዶ ግዛት፣ አውሮራ ከተማ ነው። ሥራቸው ቤት መቀባት ነው። መሰላሉን፣ የቀለም ባልዲውን፣ ብሩሹን ሁሉ የምትሸከምላቸው ይህች ፒክአፕ ናት። እ.ኤ.አ. የ1991 ሞዴል ስለሆነች ከሴት ልጃቸው በዕድሜ ትበልጣለች።

ባለፈው ሐምሌ ጋሼ ስልክ ደወሉልኝ። ድምፃቸው ደክሟል።

«መኪናዋ ዳገቱ ላይ ፈላችብኝ» አሉኝ። «ይኼ ሦስተኛዋ ነው። ጋራዥ ብወስዳት ቴስታታው መከፈት አለበት አሉኝ። የጠየቁኝ ገንዘብ ከራሷ ከመኪናዋ ዋጋ ይበልጣል። ልሸጣት ነው መሰለኝ።»

ለጋሼ መኪናዋን መሸጥ ማለት ሥራቸውን ግማሽ ማድረግ ማለት ነው። ከደንበኞቻቸው ብዙዎቹ የሚኖሩት ከተራራው ማዶ ነው። ሌላ ፒክአፕ ለመግዛት ደግሞ አቅሙ የለም።

እኔ መካኒክ አይደለሁም፤ የሶፍትዌር መሐንዲስ ነኝ። ነገር ግን የሥራዬ ትልቁ ክፍል ብልሽት መፈለግ ነው። ብልሽት ሲፈለግ አንድ ሕግ አለ፦ መጀመሪያ ጠይቅ፣ ከዚያ ለካ፣ መጨረሻ ላይ ቀይር። ብዙ ሰው የሚጀምረው ከመጨረሻው ነው።

«ቅዳሜ እመጣለሁ። እስከዚያ ድረስ ምንም ነገር እንዳያስቀይሩ» አልኳቸው።

ሞተር እንዴት ይቀዘቅዛል?

ታሪኩን ከመቀጠሌ በፊት የሞተርን አሠራር በአጭሩ ላስረዳችሁ። ሞተር ውስጥ ቤንዚን ይቃጠላል። ከሚቃጠለው ቤንዚን መኪናዋን የሚያስኬደው ጥቂቱ ብቻ ነው፤ ሌላው ሙቀት ሆኖ ይቀራል። ይህ ሙቀት ካልወጣ ብረቱ ራሱ ይጣመማል።

ሙቀቱን የሚያወጣው ውሃ ነው። በትክክል ለመናገር፣ ውሃና ኩላንት ተቀላቅለው ነው። የውሃ ፓምፑ ውሃውን በሞተሩ ውስጥ ይገፋዋል። ውሃው ሙቀቱን ተሸክሞ ይወጣና በላይኛው ቱቦ በኩል ወደ ራዲያተሩ ይገባል። ራዲያተሩ ውስጥ ብዙ ቀጫጭን ቱቦዎች አሉ። ውሃው በእነዚህ ሲወርድ ከፊት የሚመጣው ንፋስና ቬንትሌተሩ ያቀዘቅዙታል። ከዚያ በታችኛው ቱቦ በኩል ወደ ሞተሩ ይመለሳል።

በመሃል አንድ በረኛ አለ፤ ተርሞስታት ይባላል። ሞተሩ ገና ቀዝቃዛ ሳለ በሩን ይዘጋል። ውሃው ሲሞቅ፣ ብዙ ጊዜ 82 ወይም 88 ዲግሪ ሲደርስ፣ በሩን ይከፍታል።

የመጨረሻው የራዲያተሩ ክዳን ነው። ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ሥራው ግን ትልቅ ነው። አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ እንደሆነ ታውቃላችሁ? ከፍ ወዳለ ቦታ በወጣን ቁጥር አየሩ ስለሚሳሳ ውሃ ቶሎ ይፈላል። የራዲያተሩ ክዳን ደግሞ ተቃራኒውን ይሠራል። ውሃውን አፍኖ፣ በግፊት ይዞ፣ ከ100 ዲግሪ ቢያልፍም እንዳይፈላ ያደርገዋል። ይህን ክዳን አትርሱት፤ በኋላ እንመለስበታለን።

መቼ ነው የምትግለው?

ቅዳሜ ስደርስ ጋሼ ኮፈኑን ከፍተው ይጠብቁኛል። አጠገባቸው ልጃቸው ቆማለች። ዕድሜዋ 17 ነው። እዚሁ አሜሪካ ነው የተወለደችው። አማርኛ ትሰማለች፤ መናገርና መጻፍ ግን ገና እየተማረች ነው። በእጇ ማስታወሻ ደብተር ይዛለች። የማታውቀውን ቃል ስትሰማ እዚያ ላይ ትጽፈዋለች።

«እስካሁን ምን ምን ቀየሩ?» ብዬ ጋሼን ጠየቅኳቸው።

ተርሞስታቱ ተቀይሯል፤ ቡና አብረዋቸው የሚጠጡ አንድ ጓደኛቸው መክረዋቸው ነው። የውሃ ፓምፑም ከነቺንጋው ተቀይሯል፤ ይህን ደግሞ ሌላ ጓደኛ ነው የመከሩት። መኪናዋ ግን አሁንም ትፈላለች። ሁለቱም ጓደኞች ክፉ አላሰቡም። ነገር ግን ማንም «መቼ ነው የምትግለው?» ብሎ አልጠየቀም።

እኔ ጠየቅኩ። ይህ ጥያቄ ከማንኛውም መሣሪያ ይበልጣል። ምክንያቱን ልንገራችሁ።

መኪና ቆማ ወይም በትራፊክ መጨናነቅ ውስጥ ስትሄድ ብቻ የምትግል ከሆነ፣ የጎደላት ንፋስ ነው። ጥፋቱ ቬንትሌተሩ ላይ ይሆናል። ፍጥነት ስትጨምር ንፋሱ ራሱ ስለሚመጣ ሙቀቷ ይወርዳል።

በከተማ ውስጥ ደህና ሆና ዳገት ላይ ወይም ረጅም መንገድ ላይ የምትግል ከሆነ ደግሞ፣ ንፋስ አልጎደላትም፤ ውሃው እንደሚገባው አይዞርም ወይም አይቀዘቅዝም ማለት ነው። የሚጠረጠረው የተደፈነ ራዲያተር፣ የደከመ ፓምፕ ወይም በግማሽ ብቻ የሚከፈት ተርሞስታት ነው።

ከተነሳች በጥቂት ደቂቃ ውስጥ የምትግል ከሆነ፣ ተርሞስታቱ ተዘግቶ ቀርቷል ወይም ውሃው ጎድሏል።

ጠቋሚው በጣም ሞቃለች እያለ የውስጥ ማሞቂያው ቀዝቃዛ አየር የሚነፋ ከሆነም፣ ውሃ ጎድሏል ወይም መስመሩ ውስጥ አየር ገብቷል።

የጋሼ መልስ ግልጽ ነበር። «ከተማ ውስጥ ምንም አትልም። አይ-70 ላይ ዳገቱን ስንጀምር ጠቋሚው መውጣት ይጀምራል።»

ይህ መንገድ ቀልድ አያውቅም። ዴንቨር ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አይዘንሃወር የሚባለው የተራራ ዋሻ ደግሞ ወደ 3,400 ሜትር ላይ ነው። በመካከላቸው ያለው መንገድ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። እስኪ ወላጆቻችሁን ስለ አባይ በረሃ ዳገት ጠይቋቸው። በጎሃ ጽዮንና በደጀን መካከል፣ ኮፈናቸውን ከፍተው መንገድ ዳር የቆሙ መኪኖች ትዝ ሊሏቸው ይችላል።

ድስቱና ተርሞስታቱ

ከዚያ መለካት ጀመርን። አንድ በአንድ እንጂ ሁሉንም በአንድ ጊዜ አይደለም።

መጀመሪያ፣ ሞተሩ ጠፍቶና ቀዝቅዞ ሳለ ቬንትሌተሩን በእጄ አዞርኩት። ትንሽ ያዝ እያደረገ ዞረ። ጤነኛ ነው። በነፃነት ብዙ ጊዜ ቢሽከረከር ኖሮ ጥርጣሬ ላይ እንወድቅ ነበር።

ቀጥሎ የሞተሩን ዘይት አየን። ንጹሕ ነው። ውሃ ከዘይት ጋር ቢቀላቀል ዘይቱ ማኪያቶ ይመስላል። እንደዚያ ሆኖ ካያችሁ ሞተሩን አታስነሱ። ከጭስ ማውጫውም ነጭ ጭስ አይወጣም። አንድ የመለዋወጫ ሱቅ መሣሪያ ስለሚያውስ፣ የተቃጠለ ጋዝ ወደ ውሃው መግባቱን የሚያሳየውን መመርመሪያ ተዋስን። ፈሳሹ ሰማያዊ ነው፤ ጋዝ ካገኘ ወደ ቢጫ ይለወጣል። የእኛው ሰማያዊ እንደሆነ ቀረ። ስለዚህ ቴስታታውን የሚያስከፍት ማስረጃ አላገኘንም። ጋሼ ይህን ስነግራቸው መጀመሪያ ዝም አሉ፤ ከዚያ «ተመስገን» አሉ።

አሮጌው ተርሞስታት ከመሣሪያ ሳጥናቸው ውስጥ ነበር። የአጎቴ ልጅ «ይሠራል ወይስ አይሠራም? እንዴት እናውቃለን?» አለች። ጥሩ ጥያቄ ነው። አሮጌ ድስት ውስጥ ውሃ ጨመርን፣ ተርሞስታቱን በክር አንጠልጥለን ምድጃ ላይ ጣድነው። የምግብ ሙቀት መለኪያም አስገባንበት። አክስቴ ከሳሎን መጥታ ድስቷን ስታይ የተናገረችውን እዚህ አልጽፈውም። ብቻ ያ ድስት ከዚያ ቀን በኋላ ወጥ ቤት አልተመለሰም።

ተርሞስታቱ ላይ 82 የሚል ቁጥር ተጽፏል። ውሃው ወደዚያ ሲጠጋ ቀስ እያለ ተከፈተ። ጤነኛ ነበር! ጋሼ ደህናውን ዕቃ አውጥተው ሌላ ደህና ዕቃ ነው ያስገቡት።

በመጨረሻ መኪናዋን አስነስተን፣ በደንብ ሲሞቅ፣ ከርቀት ሙቀት በሚለካ መሣሪያ ራዲያተሩን ከላይ እስከ ታች ለካነው። ጤነኛ ራዲያተር ከላይ ይሞቃል፤ ወደ ታች ሲወርድ ሙቀቱ ቀስ በቀስ ይቀንሳል። የጋሼ ራዲያተር ግን በስተግራ በኩል አንድ ሰፊ ቦታ ላይ በድንገት ቀዝቃዛ ሆነ። እዚያ ያሉት ቱቦዎች ተደፍነዋል፤ ሙቅ ውሃ አይደርስባቸውም። በከተማ ውስጥ የቀረው ክፍል ይበቃታል። ዳገት ላይ ግን አይበቃትም።

ጋሼ ደስ ብሏቸው «በቃ! ራዲያተር እንግዛ» አሉ። እውነቱን ለመናገር እኔም ያለቀልን መስሎኝ ነበር።

«መኪና ውሃ ይጠጣል እንዴ?»

ያን ጊዜ የአጎቴ ልጅ ደብተሯን እያየች አባቷን ጠየቀቻቸው።

«አባዬ፣ ቅድም ‹ይህቺ መኪና ውሃ ትጠጣለች› ብለሃል። መኪና ውሃ ይጠጣል እንዴ?»

ጋሼ ሳቁ። «አባባል ነው እኮ የኔ ልጅ። በየጊዜው ውሃ እጨምርባታለሁ ለማለት ነው።»

እሷ ግን አልሳቀችም። «እሺ፣ የጨመርከው ውሃ የት ይሄዳል?»

ሁለታችንም ዝም አልን። እኔም ይህን አባባል ጠዋት ሰምቼው ነበር። ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው አባባል ስለሆነ በጆሮዬ አለፈ። እሷ ግን አዲስ ስለሆነባት ቃል በቃል ጻፈችው። የማቀዝቀዣው መስመር የተዘጋ ነው። ቤንዚን ያልቃል፤ የራዲያተር ውሃ ግን ማለቅ የለበትም። ከጎደለ፣ የሆነ ቦታ ሄዷል ማለት ነው።

ጋሼ ለስንት ዓመት እንደጨመሩ ጠየቅኳቸው። «ሦስት፣ አራት ዓመት ይሆናል። ከጓሮው ጎማ ነው የምጨምረው» አሉ። የቧንቧ ውሃ ማዕድን አለው። ማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ነገር ተጋግሮ አይታችሁ ታውቁ ይሆናል። ራዲያተሩን የደፈነውም ያው ነው። እንግዲህ አዲስ ራዲያተር ብንገዛና ውሃው መጉደሉን ቢቀጥል፣ ከጥቂት ዓመት በኋላ እዚሁ ቦታ ላይ እንገናኛለን።

ስለዚህ መግዛቱን ለሁለት ሳምንት አቆየነው። በውሃ ማጠራቀሚያው ፕላስቲክ ላይ ቴፕ ለጥፈን መስመር አሰመርን። የአጎቴ ልጅ በየጠዋቱ፣ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ፣ ውሃው የት እንደደረሰ ትጽፋለች። ጋሼ ማታ ሲመለሱ የት እንደሄዱ፣ ምን ያህል ዕቃ እንደጫኑና ጠቋሚው እስከ የት እንደወጣ ይነግሯታል። ሁሉም በአማርኛ ነው የተጻፈው። ዳገቱን የወጡት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ ዕቃውን ቀንሰው፣ ጠቋሚው ሲወጣ እየቆሙ።

ደብተሩን ሳየው መልሱ ቁልጭ ብሎ ታየኝ። ከተማ ውስጥ በዋሉባቸው ቀናት ውሃው ከመስመሩ ንቅንቅ አላለም። ዳገት በወጡባቸው ሁለት ቀናት ግን በእያንዳንዱ ግማሽ ሊትር ያህል ጎድሏል። ቤት ስትቆም ከሥሯ ጠብታ የማይታየው ለዚህ ነው። ውሃው የሚወጣው ተራራው ላይ ነው።

በግፊት ጊዜ ብቻ የሚያፈስ ምን አለ? ክዳኑን አየነው። ዙሪያው ላይ ነጣ ያለ አረንጓዴ ነገር ደርቋል። የውስጥ ጎማው እንደ ደረቀ እንጀራ ተሰነጣጥቋል። ክዳኑ ላይ 13 የሚል ቁጥር አለ። ይህ የሚይዘው የግፊት መጠን ነው፤ መለኪያው ፒ.ኤስ.አይ. ይባላል። በተዋስነው መሣሪያ ስንፈትነው 5 ላይ ለቀቀ። ጤነኛ ቢሆን ኖሮ ውሃው የሚፈላበትን ሙቀት ከ20 ዲግሪ በላይ ከፍ ያደርገው ነበር። የእኛው ግማሹን እንኳ አያደርግም።

አሁን ታሪኩ ሙሉ ሆነ። ጎማው ደረቀ፤ ክዳኑ ግፊት መያዝ አቃተው፤ ዳገት ላይ ውሃው ፈልቶ ወጣ፤ ጋሼ የቧንቧ ውሃ ጨመሩ፤ ማዕድኑ ራዲያተሩን ደፈነ፤ መኪናዋ የባሰ ጋለች። የሁሉም መነሻ ከመኪናዋ ዕቃዎች ሁሉ በዋጋ ከረከሱት አንዱ ነበር።

አዲስ ራዲያተርና አዲስ ክዳን ገዛን። መስመሩን አጠብን። ግማሽ ኩላንት፣ ግማሽ ዲስቲልድ ውሃ፣ ማለትም ማዕድኑ የወጣለት ውሃ ሞላን። የመኪናዋን አፍንጫ ወደ ላይ አድርገን፣ ማሞቂያውን ከፍተን፣ ውስጥ የቀረውን አየር አስወጣን።

በነሐሴ መጨረሻ ሦስታችን ዋሻው ድረስ ወጣን። ልጅቷ መሃል ተቀምጣ ከጠቋሚው ላይ ዓይኗን አላነሳችም። ጠቋሚው መሃል ላይ ቆሞ ቀረ። ጋሼ ዋሻውን ስናልፍ መሪውን መታ መታ አድርገው «መጠጥ ተወች!» አሉ። ልጅቷ ይህን አባባል ማስረዳት አላስፈለጋትም፤ ሳቀች።

መንገድ ላይ ብትግልባችሁ

ጋሼ በመጨረሻ አንድ ነገር ነገሩኝ። ሁለተኛ ጊዜ ስትፈላባቸው ክዳኑን በጨርቅ ይዘው ሊከፍቱት ነበር። ልጃቸውም አጠገባቸው ነበረች። ክዳኑ ትንሽ ሲላላ እንፋሎቱ በጆሮ ግንዳቸው በኩል አለፈ። «አንድ ስንዝር ነው ያተረፈን» አሉኝ። እስካሁን ለአክስቴ አልነገሯትም ነበር፤ እንድጽፈው ከመፍቀዳቸው በፊት ነገሯት።

ስለዚህ ይህን ያዙ፦

የጋለ ሞተርን የራዲያተር ክዳን በፍጹም አትክፈቱ። ውሃው ያልፈላው ስለታፈነ ብቻ ነው። ክዳኑ ሲከፈት በአንድ ጊዜ እንፋሎት ሆኖ ይወጣል። የላይኛው ቱቦ በእጅ ሲነካ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ጠብቁ፤ ብዙ ጊዜ ከግማሽ ሰዓት በላይ ይወስዳል።

ጠቋሚው መውጣት ሲጀምር ማቀዝቀዣውን አጥፉ፣ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ክፈቱ። ሙቀቱ የተወሰነው ወደ እናንተ ይመጣል፤ ሞተሩ ግን ይተነፍሳል። ካልወረደ ደህና ቦታ ላይ ቁሙና ሞተሩን አጥፉ።

ኩላንት መርዝ ነው። ጣዕሙ ስለሚጣፍጥ ሕፃናትና ውሾች ሊልሱት ይችላሉ። ከፈሰሰ ወዲያው ጥረጉት።

የዛሬ ቃላት

ኮፈን፦ የሞተሩ ሽፋን፤ «ኮፈኑን ክፈተው።»
ቺንጋ፦ ፓምፑንና ሌሎች ክፍሎችን የሚያዞር የጎማ ቀበቶ።
ቴስታታ፦ የሞተሩ የላይኛው ክፍል፣ ሲሊንደሮቹን ከላይ የሚከድነው።
ጎማ፦ የመኪና እግር፤ ግን ደግሞ ውሃ ማጠጫው ቱቦም ጎማ ይባላል።
ዳገት፦ ወደ ላይ የሚወጣ መንገድ። ተቃራኒው ቁልቁለት ነው።
ጋለ፦ በጣም ሞቀ። ለብረትና ለሞተር እንላለን።
ፈላ፦ ውሃ ሲንተከተክ። መኪናም «ፈላች» ይባላል።

ኮፈን፣ ቺንጋ፣ ቴስታታና ጎማ ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። ጋራዥ የገባ የጣሊያን ሰው ቢሰማን ግማሹን ይረዳናል።

የዚህ ሳምንት የቤት ሥራ፦ አባታችሁን፣ እናታችሁን ወይም አጎታችሁን ስለ መጀመሪያ መኪናቸው ጠይቁ። ሲመልሱ የማታውቁትን አባባል ቃል በቃል ጻፉት። «ምን ማለት ነው?» ብላችሁም ጠይቁ። አታፍሩ፤ የአጎቴ ልጅ ጠይቃ ነው መኪናዋ ያልተሸጠችው።

ሳምንት እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ።